ውሃ የተከለከለው ባቄላ

ሁለቱ ተማሪዎቼ ለምርምር ውድድር ባቄላ ያለ ውሃ ስንት ቀን እንደሚቆይ እያጠኑ ነበር። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠውልጎ የነበረው ችግኝ አንገቱን ቀና አድርጎ ጠበቃቸው። ለካ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አንጀታቸው አልችል ብሏቸው አጠጥተውታል።

"ቲቸር፣ የደብተሩን ገጽ እንቅደደው?" አሉኝ።

"እጃችሁን ሰብስቡ! የሆነውን እንዳለ ጻፉ" ብዬ ተቆጣሁና በአዲስ ችግኝ አስጀመርኳቸው።

በውድድሩ ቀን ዳኛው ያንን ገጽ ሁለት ጊዜ አንብበው፣ "ዛሬ ካየኋቸው ደብተሮች ሁሉ ጥፋቱን ያልደበቀ ይሄ ብቻ ነው" አሉ። ልጆቹ አንደኛ ወጡ።

ዋንጫውን ይዘን ስንመለስ እትዬ ጉንጫቸውን አገላብጠው ሳሟቸው። ከዚያ ወደኔ ዞረው፣ "ሁለተኛውንም እኮ አንድ ቀን ትንሽ አጠጥቼዋለሁ" አሉኝ።

"ኧረ ዝም ይበሉ!" ብዬ ዞር ስል፣ ልጆቹ ደብተሩን ገልጠው እስክሪብቶ አውጥተዋል።