በፈረሰኛው ውስጥ የቀረው ክር

ቀዶ ሐኪም መሆን የሚፈልጉ ተማሪዎች ቤቴ ድረስ መጥተው ምክር ይጠይቁኛል። የትኛውን መጽሐፍ ላንብብ፣ እጄ እንዳይንቀጠቀጥ ምን ላድርግ ይሉኛል። መጽሐፉን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ፤ እጅም ሲለምድ መንቀጥቀጡን ይተዋል። እኔ የምነግራቸው ስለ አንዲት ዶሮ ነው። ግማሾቹ የጃጀሁ መስሏቸው በትሕትና ያዳምጡኛል።

ጊዜው 1959 ዓ.ም. ነው። ቤታችን ሰበታ ነበር፤ እኔ በአውቶቡስ አዲስ አበባ እየተመላለስኩ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እማር ነበር። በሰኔ የማትሪክ ፈተና አለብኝ፤ ካለፍኩ ሕክምና ልማር ቆርጫለሁ። አባቴ ደቻሳ ደግሞ ሌላ ነገር ቆርጧል። የተጂው የጤፍ ነጋዴ ኦቦ ጎበና ለልጃቸው ሽማግሌ ልከው ስለነበር፣ ሠርጉን ለግንቦት ተስማምቷል። ግንቦት ከሰኔ በፊት እንደሚመጣ ደጋግሜ ብነግረው፣ "ታዲያ ወሩን የደረደርኩት እኔ ነኝ?" ይለኝ ነበር።

ሐሳቤን ከልብ የሰማኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ በመንገዱ ዳር ትንሽ ክሊኒክ የነበራቸው ድሬሰር አቶ ጥሩሰው። የወታደር ቁስል ሲያሽጉ ያረጁ ቁጡ ሰው ነበሩ። በቅበላ ዕለት አንድ ቆልማማ መርፌና አንድ ጥቅል ጥቁር ክር ሰጡኝና፣ ክሩን ሦስት ጊዜ ደራርቦ መቋጠሩን አሳዩኝ።

"ጨርቅ መስፋት ልብስ ሰፊ ነው የሚያደርግሽ" አሉኝ። "ሥጋ ያዢ። ሥጋ አጥብቀሽ ከሳብሽው ይቀደዳል፣ ካላላሽው ይከፈታል። ልኩን የሚያስተምርሽ እሱ ብቻ ነው።"

እንግዲህ በቅበላ ዕለት እንዲህ ያለ ምክር ይሰጣል? በማግስቱ ሁዳዴ ገባ። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ እንኳን ሥጋ፣ የሥጋ ሽታም በቤታችን አልነበረም። ድንች ሰፋሁ። የብርቱካን ልጣጭ ሰፋሁ። የአባቴን አሮጌ ጫማ ሰፋሁ፤ እሱስ ተጠቅሞበታል። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ እናቴ ገለቴ ቢላዋውን ለማንም አልሰጥም አለች።

በሳምንቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ፣ ኦቦ ጎበናና ባለቤታቸው ወይዘሮ ተረፈች ልጅቷን፣ እኔን ማለት ነው፣ ሊያዩ መጡ። ልጅቷን ማየት ማለት የእጇን ሙያ መቅመስ ነው። ያን ዕለት ጠዋት እናቴ የተገፈፈችውን ዶሮና ቢላዋውን ሰጠችኝ።

"አሥራ ሁለት ብልት ነው። አሥራ ሦስት ካወጣሽ ልጄ አይደለሽም" አለችና ሽንኩርቷን ልታቁላላ ሄደች።

አበላሽቼ ብበልታት እንግዶቹ እንደሚመለሱ አውቃለሁ፤ አስቤውም ነበር። ግን ቢላዋው መገጣጠሚያውን ሲያገኝ እጄ እምቢ አለኝ። አሥራ ሁለቱም ጥርት ብለው ወጡ። ለክቡር እንግዳ የሚቀርበው ፈረሰኛው፣ ያ የደረት ሥጋ፣ ሙሉና ለስላሳ ሆኖ ፊቴ ተቀመጠ። ሃምሳ አምስት ቀን የጾመ ሰው ሥጋ ሲያይ ምን ያደርጋል? እኔ መርፌዬን አመጣሁ።

ጣት የሚያህል ርዝመት ቀደድኩትና ሰፋሁት። የመጀመሪያው ስፌት ተቀደደ፣ ሁለተኛው ላላ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ግን ገጠሙ። ከንፈርና ከንፈር እንደሚገጥም ገጠሙ። እንባዬ መጣ፤ በእርግጥ ሽንኩርቱም ረድቶኛል። እናቴ ስትጣራ ክሮቹን ቶሎ ቶሎ ቆርጬ አወጣሁና ሥጋውን በሎሚና በጨው አጥቤ ወሰድኩላት።

ወጡ ተመሰገነ። ኦቦ ጎበና ፈረሰኛውን በእርጋታ ሲያላምጡ ቆይተው ድንገት አቆሙ። ሁለት ጣታቸውን ወደ አፋቸው ሰደው አንድ ነገር ሳቡ፤ ጥቁር ክር ነው። ወይዘሮ ተረፈች ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን አዩት።

"ሦስት ጊዜ ተቋጥሯል" አሉ ቀስ ብለው።

በእኛ አገር ቋጠሮ ያለው ጥቁር ክር ከወጥ ውስጥ ሲወጣ ማንም ስለ ሕክምና አያስብም። ሴትዮዋ "ዋቃዮ" ብለው አማተቡ፣ ክሩን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ እጃቸውንም ሳይታጠቡ ተነሡ። ገለቴ ልጃቸውን በመተት ልታስር ነው ብለው ነው። ማክሰኞ፣ ሽማግሌው ነገሩ እንደቀረ ሊነግረን መጣ።

እኔ ደስታዬን መደበቂያ አጣሁ። ፊዚክስ እያነበብኩ እንኳ እዘፍን ነበር። ሐሙስ ግን ወሬው ገበያ ደርሶ ኖሮ፣ እናቴ ልትሸጥ የወሰደችውን ቅቤ እንደያዘች ከዓለም ገና ተመለሰች። የመተተኛ ቅቤ ማን ይገዛል? ቅቤውን መልሳ ማጀት አስገባች።

አቶ ጥሩሰው ጋ ሄጄ ታሪኩን ነገርኳቸው፤ ያስቃቸዋል ብዬ ነበር።

"ስንት ሰፋሽ?" አሉኝ።

"ስድስት፣ ወይም ሰባት።"

"ስንት አወጣሽ?"

"ሁሉንም።"

"ሁሉም ስንት ነው?"

በጣቶቼ መቁጠር ጀመርኩ።

"ሰውየው አፉ ውስጥ ስላገኘው ተረፈ። ሆዱን ከፍተሽ ቢሆን ኖሮ ክርሽን ይዞ መቃብር ይወርድ ነበር። ስታስገቢ ቁጠሪ፣ ስታወጪ ቁጠሪ። ይሄ ለእጅሽ ነው። ለአፍሽ ደግሞ ሌላ አለኝ፤ ሐኪም ይረሳል፣ የረሳውን ግን ራሱ ይናገራል። አንቺ ረሳሽ፣ እናትሽ ተሰደበች።"

"ብናገር እኮ ሠርጉ ይመለሳል" አልኳቸው።

"ይመለሳል" አሉና ወደ በሽተኛቸው ዞሩ።

በዚያው ቀን ለአባቴ ተናዘዝኩ። መርፌውን ካገላበጠ በኋላ፣ "ከመተተኛ ሚስት እብድ ልጅ ትሻለኛለች" አለ። ቅዳሜ ተያይዘን ተጂ ወረድን።

ወይዘሮ ተረፈች ክሩን ጠበል ውስጥ ነክረው አስቀምጠውት ነበር። እኔ ድንች ለመንኩና ፊታቸው ሰፍቼ፣ ሦስት ጊዜ ቋጥሬ አሳየኋቸው። እናቴ ምንም እንደማታውቅ፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው። ከንፈሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እጄ ግን አልተንቀጠቀጠም።

ኦቦ ጎበና እስኪያስላቸው ሳቁ። "እንግዲያ ቤቱ ንጹሕ ነው፤ ሠርጉም በቦታው ነው" አሉ። አባቴ ፊቱ በራ። እኔ የማትሪኩን ነገር አበቃለት ብዬ መሬት መሬት አየሁ።

"ቆይ ጎበና" አሉ ወይዘሮ ተረፈች። ክሩን ከጠበሉ አውጥተው በጣታቸው አሹት። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ያን ሥጋ ስትሰፊ ስለ ልጄ አሰብሽ? በክፉም ይሁን በደግ?"

መዋሸት አልቻልኩም። "እማማ፣ ትዝም አላለኝ" አልኩ።

"መተት ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አሉ። "መተት የምታሠራ ሴት ቢያንስ ልጄን ፈልጋዋለች ማለት ነው። ይቺ ግን ለእሱ በተሠራ ድግስ ላይ እንኳ ረስታዋለች። ልጄ እንዲህ ከምትረሳው ጋር አይኖርም። የገለቴን ቅቤ በገበያ ቀን በሰው ፊት እኔ ራሴ እገዛለሁ፤ አንቺ ግን ሂጂና የሰው ሥጋ ስፊ።"

አባቴ ተነሥቶ ወጣ። አውቶቡሱ ሰበታ ሲቃረብ ከመስኮቱ ወደ እኔ ዞረ።

"ይሄ ፈተና የተባለው" አለኝ፣ "ሰኔ በስንት ነው?"