የሚጠባ ልጅ ኃጢአት

ያን ሰሞን ቆቦ ውስጥ ያልፈራ ሰው ቢኖር ሕፃን ወይ እብድ ነው። ሌላው ሰው የሚፈራው የደርግን ጠመንጃ ነበር። ቀጥቃጩ ይርጋ የፈራው ግን ወሬ ነው፤ ልጁ ጆሮ የሚደርስ ወሬ።

ቀበሌው ከየቤቱ አንድ ሰው አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ ለውይይት ይምጣ ብሎ አዘዘ። የቀረ አድኃሪ ነው፤ አድኃሪ የተባለ ደግሞ ወዴት እንደሚወሰድ የማያውቅ የለም። በይርጋ ቤት ያሉት እሱና ልጁ የሻረግ ብቻ ናቸው። ፊደል የቆጠረችው እሷ ናትና ሊቀመንበሩ «ልጅቷን ላካት» አለው።

«በቁሜ እያለሁ!» አለ ይርጋ፣ በሆዱ። ጮክ ብሎማ አይለውም፤ ምን ቆርጦት!

ይርጋ ቤተ እስራኤል ነው። ከወገራ ተነስቶ፣ ማረሻና ማጭድ እየሠራ ወደዚህ ቆላ ከወረደ ብዙ ዘመኑ ነው። በቆቦ ከሱ ሌላ የኦሪት ሰው የለም፤ ቄስ የለ፣ ጸሎት ቤት የለ። ጎረቤቱ ማረሻውን ይወድለታል፣ ልጅ በታመመ ቁጥር ግን «ቡዳው» ይለዋል። ይህን ሁሉ ችሎ ኖሯል። አርብ ጀምበር ሳትጠልቅ ወናፉን አስቀምጦ እሳቱን ያጠፋል፣ ዳቦውን ባርኮ ለልጁ ይቆርሳል። ያቺ ልጅ «እግዜር የለም» የሚሉትን ሰምታ ልቧ ከሸፈተ ኦሪቱ እዚሁ ቤት ውስጥ አበቃለት። ስለዚህ «ልጄን ወባ ይዟታል» ብሎ ዋሸና ራሱ ሄደ። የሚሉትን ሰምቼ ለሁሉም መልስ ይዤላት እመለሳለሁ አለ።

አስተማሪው ከደሴ የመጣ ሞላ የሚባል ካድሬ ነው። ይርጋ ስድብ ነበር የጠበቀው። ሰውዬው ግን ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም።

«በስድሳ ስድስቱ ረሃብ ልጅ ያልቀበረ ማን አለ?» አለ። «ዱዓ አደረጋችሁ፣ እግዚኦ አላችሁ። ኃጢአታችሁ ነው ተባላችሁ። እሺ፣ ይሁን። የሚጠባው ልጅ ኃጢአት ምን ነበር?»

ወይ ጉድ! ይርጋ ሁለት ዓመት ያልሞላውን ጋሹን የቀበረው በዚያ ረሃብ ነው። የደረቀ ጡት አፉ ውስጥ እንዳለ ነበር የሞተው፤ እናቱም ተከተለችው። ያኔ «በኃጢአታችን ነው» ብሎ፣ ከልቡ አምኖ አፈር መለሰባቸው። አሁን መልስ ፈልጎ የሚያውቀውን ኦሪት ሁሉ በልቡ አገላበጠ። አጣ። የአባት ኃጢአት ነው ልበል እንዴ? ብሎ አሰበ። አባትየው እኮ እኔ ነኝ፤ ምን አደረግሁ?

ከስብሰባው ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተነካክቶ ለገባ እንደ ኦሪቱ ልማድ፣ ገላውን ታጠበ። ያ ጥያቄ ግን በውኃ የሚለቅ አልሆነም።

የሻረግ ዳቦውን አቅርባ ትጠብቀዋለች።

«አባዬ፣ ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ፣ ዝባዝንኬ ነው!»

«እሳቱን እኮ አላጠፋህም» አለችው።

እውነትም ከሰሉ ፍም እንደሆነ ነው፣ ጀምበሯም ልትገባ ነው። ፊቱን ትክ ብላ አየችው።

«ስለ ጋሹ ጠየቁህ?»

ይርጋ ክው አለ። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም። ፊትህ የቀበርነው ዕለት የነበረውን መስሏል። ያን ዕለት እኔው ራሴ ጠይቄያለሁ፤ ምን አጥፍቶ ነው ብዬ። ላንተ መንገር ግን ፈራሁ።»

«መልስ አገኘሽ?»

«አላገኘሁም።»

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ሰንበት እንዴት ስትጸልዪ ኖርሽ?»

«አንተ ታምን የለ እንዴ?» አለች። «አባዬ ካመነ መልሱን ያውቀዋል ብዬ ነዋ።»

ጠመንጃ ቢደቅኑበት እንዲያ አይፈራም ነበር። ውኃ አንስቶ ፍሙ ላይ ደፋ። ዳቦውን አነሳ። «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል!» አለ፤ ድምፁ እንዳይከዳው ከወትሮው አብልጦ ጮኸ። ከዚያ ጠበቃት።

የሻረግ ዓይኗን ከፊቱ ሳትነቅል፣ አሜን ለማለት ዘገየች።