ቁንጥር ጨው

ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ስነዳ አንድ ሰው አልገጨሁም። ሚስቴን ግን በቁንጥር ጨው ጉድ ሠርቻት ነበር። ቆይ፣ አትፍረዱብኝ፤ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ሚስቴ ልብስ ሰፊ ናት። አንገቷ ላይ የወጣው እብጠት የታይሮይድ ካንሰር ሆኖ ተገኘና በቀዶ ጥገና ወጣላት። አምና ደግሞ ሳንባዋ ላይ ብቅ አለ። የዚህ በሽታ መድኃኒቱ ጨረር ያለው አዮዲን ነው፤ የካንሰሩ ሴሎች ምግብ መስሏቸው ሲጎርሱት ከውስጥ ያቃጥላቸዋል። የእሷዎቹ ግን እንቢ አሉ። በአዮዲን ስትመረመር ሥዕሉ ድፍን ጨለማ ሆነ። ጨረር ያለው ስኳር ወግተው ሲያዩዋት ግን አምስት ቦታ ቦግ አለ።

"አመላቸውን ቀይረዋል" አለችን ዶክተሯ፣ ልጃችንን የምታክል ቀጭን ሴት። "ድሮ የሚወዱት አዮዲን ነበር። ሲከፉ እሱን እርግፍ አድርገው ትተው ስኳር ላይ ተረባረቡ። የማይጎርሱትን መድኃኒት እንዴት እናብላቸው?"

"እንዲህ ያለ ሰው እንኳ አውቃለሁ" አለች ሚስቴ እኔን እያየች። ሻይ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር ስለምጨምር ነው። እንዲህ ናት፤ ካንሰርም አፏን አላስያዛትም።

አንድ መንገድ ቀርቶልናል። ለአራት ሳምንት ክኒን ትውጣለች፤ ክኒኑ ሴሎቹን ወደ ድሮ አመላቸው ሊመልሳቸው ይችላል። ከዚያ እንደገና በአዮዲን ትታያለች። ሥዕሉ ከበራ መድኃኒቱ ይሰጣታል። "ከጨለመስ?" አልኩ። ዶክተሯ ወረቀቷን ማስተካከል ጀመረች። ሴሎቹ እንዲራቡ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት አዮዲን ያለበት ነገር ሁሉ ክልክል ነው፤ የሱቅ ጨው፣ ወተት፣ ዓሣ።

ሚስቴ የመጀመሪያውን ክኒን ዋጠችና ደረቷን መታ መታ አደረገች። "ስሙ እናንተ! ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባላል፤ በጊዜ ወደ አመላችሁ ተመለሱ!"

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ምግብ የማበስለው እኔ ነኝ። ልጃችን የተፈቀዱትን ምግቦች ዝርዝር ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችና ጣቷን ቀሰረችብኝ። "አባዬ፣ ዋ! ከዚህ ውጭ አንዲት ነገር እንዳትጨምር።"

"እኔ ሕፃን ነኝ?" ብዬ ተቆጣሁ።

ክልከላው በጀመረ በዘጠነኛው ቀን ሚስቴ የድንች ሾርባውን ሦስት ጊዜ ቀምሳ ማንኪያውን አስቀመጠች። "ይቅርታ፣ አልወርድ አለኝ" አለች። ከአንገቷ የማይለየውን ሜትር ወገቧ ላይ አዞረችና፣ "የሰው ቀሚስ ሳጠብብ እኔው ጠበብኩ" ብላ ሳቀች። አንጀቴን በላችው። ወደ ሥራዋ ስትመለስ የጨው ጣሳውን ከፈትኩ። ቁንጥር ብቻ። ሾርባውን አሙቄ ወሰድኩላት፤ ሙልጭ አድርጋ ጠጥታ "ዛሬ እጅህን ምን ነካው?" አለችኝ። አራት ቀን እንዲሁ መገብኳት። ደስታዬ የሌባ ደስታ ነበር።

የምርመራው ቀን ደረሰ፤ ከልጃችን ጋር ሦስታችንም ሄድን። ዶክተሯ የነጭ ሽንኩርት ፍልቃቂ የምታህል የአዮዲን ክኒን በትሪ ይዛ መጣች። "የሱቅ ጨው አልነኩም አይደል እናቴ? ሴሎቹ ጠግበው ከጠበቁን የአራት ሳምንቱ ልፋት ከንቱ ነው።"

"ኧረ በዓይኔም አላየሁ!" አለች ሚስቴ።

ዝም ልበል? ዝም ብል ሥዕሉ ሲጨልም ሰበቡ እኔ መሆኔን ማን ያውቃል? እኔ አውቃለሁ። "ዶክተር፣ አቁሚው!" ብዬ ጮህኩ። "ጨው ጨምሬያለሁ። አራት ቀን። ገደልኳት!"

ሚስቴ አፏን ከፍታ ቀረች። ልጄ ግን፣ ያቺ ጉደኛ፣ ሆዷን ይዛ ሳቅዋን ለቀቀችው።

"አባዬን አላውቀውም እንዴ! ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ጣሳው ውስጥ ያለውን የቀየርኩት። አዮዲን የሌለበት ጨው ነው ያለው፤ ዶክተርንም አስፈቅጃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ በጭልፋ ነበር የምትጨምረው!"

ዶክተሯ ፊቷን በመዝገቡ ሸፈነች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሚስቴ ክኒኑን ዋጠችና "አንተ ሰውዬ፣ እኔ ደግሞ ፍቅር ነው የጣፈጠኝ ብዬ!" አለችኝ።

"እሱም አለበት" አልኳት።

በማግሥቱ ሥዕሉ ተነሣ። ዶክተሯ ጠራችንና ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረችው። ሳንባዋ ላይ ብርሃን ነበር። ሰው በካንሰሩ መታየት እንዲህ ይደሰታል ብትሉኝ አላምንም ነበር።

"ቁጠራቸው" አለች ሚስቴ፤ መነጽሯን ረስታ ነበር።

አውቶቡስ ሳልሞላ ነድቼ እንደማላውቅ ታውቃለች። በጣቴ እየነካሁ ቆጠርኩ። "አምስት። አንድም አልቀረም፤ ሁሉም ተሳፍረዋል።"

እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። እንባዋ እየወረደ፣ እየሳቀች፣ "በል ንዳው!" አለችኝ።