ዋርፋን የመታሁበት ቀን

እጄ ፈጣን ነው፤ አልክድም። ድሬ ዳዋ ላይ አለምብርሃን ሲባል ከኮረንቲ ሥራዬ በፊት ጥፊዬን የሚያነሱ ነበሩ። ያን ቀን ግን የመታሁት ተቆጥቼ አይደለም። የሚያምነኝ ጠፋ እንጂ።

ጊዜው ሃምሳ አራት ዓመተ ምህረት ነው፣ ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ አንድ የሳሙና ፋብሪካ ውስጥ የኮረንቲ ሠራተኛ ነበርኩ። የሥራ አለቃችን፣ ካቦው፣ ጫት ይዞ ያገኘውን ያባርራል። ታዲያ ጫኞቹ ጫታቸውን የት ይደብቁ? ከእኔ በቀር ማንም የማይከፍተው የኮረንቲ ሳጥን ውስጥ ነዋ። ከጫኞቹ አንዱ ለሆነው ለጓደኛዬ ለዋርፋ ትርፍ ቁልፍ የሰጠሁት እኔው ነኝ። "በደረቁ ብቻ" ብዬ አስጠንቅቄው ነበር። እንዴት ያለሁ ሞኝ ነኝ። በድሬ ሙቀት ጫት በደረቁ ማን ያስቀምጣል?

አንድ ጠዋት ሳጥኑን ብከፍት፣ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ጫት ሽቦዎቹ ላይ ተጋድሞ ውሃው ይንጠባጠባል። ደሜ ፈላ። ጫቱን መሬት ጥዬ ረገጥኩት። ዋርፋንም ሰው ሁሉ ፊት አንገትጌውን ይዤ፣ "ሁለተኛ እጅህን እዚህ ብትከት እሰብረዋለሁ" አልኩት።

"አቦ ተወኝ፣ ኮረንቲውን አንተ ወለድከው?" ብሎ ገፈተረኝ። ሠራተኛው ሳቀ። እዚያው የሚሠራው የዋርፋ ታናሽ ወንድም ፋራህ ባይገላግለን ጥርስ ይረግፍ ነበር። በንዴቴ ቁልፉን መቀበል ረሳሁ።

ዋርፋ ግትር ነው፤ ከቀትር በኋላ አዲስ ጫት አርጥቦ ሊከት ሄደ። ጩኸት እንኳ አልሰማሁም። የሞተሩ ድምፅ ሲለወጥ ዞር ብል፣ እጁ ሳጥኑ ውስጥ ተጣብቆ ይንዘፈዘፋል፤ ምላሱን ነክሶ ደሙ በአገጩ ይወርዳል። ማጥፊያው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው፣ ገላው ሸፍኖታል። ከውጭ ሌላ ማጥፊያ ይደረግ ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ለምኛለሁ፤ መልሱ "ይደርሳል" ነበር። በባዶ እጄ ብነካው አብሬው መቅረቴ ነው። ደረቅ ጣውላ አንስቼ ክንዱን መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ፤ እጁ ግን አልተላቀቀም። ደገምኩት። ትንሽ ሸተት አለ። ሦስተኛውን ስሰነዝር ከኋላ አንቀው ጣሉኝ።

"ጠዋት የዛተውን እየፈጸመ ነው" ይላሉ። "ኮረንቲ ነው፣ ልቀቁኝ" ልል ስል አፌን በእርግጫ አሉኝ፤ ቃሉን ከደሜ ጋር ዋጥኩት። ሁለት ጥርሶቼ እዚያው ቀሩ። አንቆ የያዘኝ ፋራህ ነበር። ካቦው ነገሩ ገብቶት ኮረንቲ ወደሚመነጭበት፣ ከግቢው ጫፍ ወዳለው ሞተር ቤት ሮጦ ኮረንቲውን እስኪያስጠፋ ዋርፋ ሞቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ፊቴ እንዳበጠ ለቅሶ ሄድኩ። በር ላይ ሊመልሱኝ ሲሉ የዋርፋ ሚስት ደሄቦ "ይግባ" አለች። ፋራህ አጠገቧ ተቀምጧል። ወንድሙ ከተቀበረ ጀምሮ እህል አልቀመሰም አሉ።

"ስንቴ መታኸው?" አለችኝ።

"ሁለቴ።"

"ሦስተኛው ያድነው ነበር?"

መዋሸት አቃተኝ። "ይመስለኛል" አልኳት።

"ታዲያ ማን ነው የያዘህ?"

ፋራህ ቀና ብሎ አየኝ። እውነቱን ልናገር፣ እጄን በላኝ፤ እዚያው ባንቀው ደስ ባለኝ።

"ከኋላዬ ነው የያዙኝ፣ ደሄቦ" አልኳት። "አላየሁም።"