ወንዙ የጠራ ዕለት

ከጂንስ ፋብሪካው በታች የምንኖር ሰዎች ወንዙን የምናውቀው በቀለሙ ነው። ጂንስ ሲታጠብ ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ማንም እጁን አይነክርበትም። ማሽኖቹ በሚያርፉበት ቀን ይጠራል፤ ያኔ ጀሪካን ይዘን እንሻማለን። ይህን ያስተማረኝ እዚያው ፋብሪካ ጂንስ የሚያጥበው ታላቅ ወንድሜ ነው። "ሰማያዊ ከሆነ እንኳን ልትጠጪው እግርሽን እንዳታስነኪው" ይለኛል። የራሱ ጥፍር ግን ዓመቱን ሙሉ ሰማያዊ ነው።

አንድ ቀን ፊቱ በርቶ መጣ።

"የውጭ ደንበኞች ወንዝ የማይበክል ጂንስ ካልሆነ አንለብስም ብለዋል አሉ። ሊያዩ ይመጣሉ። አለቃችን የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፍቶታል።"

"እሰይ! ይጥፋበታ! እኛ ስንቃጠል የት ነበር?" አልኩ።

እንግዶቹ የመጡ ዕለት ወንዙ ኩልል ብሎ ወረደ። የሥራ ቀን ነው፤ የማሽኖቹ ድምፅም ይሰማል። ለካ የሚያስብልን ሰው አለ ብዬ፣ እኔ ሞኟ፣ አለቀስኩ። ትልቋ ልጄ ትኩሳት ይዟት ውሃ ውሃ ትላለች፤ ጀሪካኑ ደግሞ ተሟጧል። ሮጬ ቀዳሁ። በረኪና በረኪና ሸተተኝ። የከተማ የቧንቧ ውሃም እንዲህ ይሸታል ሲሉ ሰምቼ ስለነበር፣ ጭራሽ አጣርተው ለቀቁልን ብዬ ደስ አለኝ። ልጄ ጭልጥ አድርጋ ጠጣችው።

ወንድሜ አመሻሽ ላይ እያለከለከ ደረሰ። እንግዶቹ እስኪሄዱ ሠራተኛው ተቆልፎበት ነበር።

"ቀድተሻል እንዴ?"

"ምነው ጋሼ? ጠርቶ የለ!"

"የት ጠራ! ቀለሙ እንዳይታይ በረኪና ደፍተውበት ነው። መርዙ እንዳለ ነው..." አለና ልጄ ራስጌ ያለውን ባዶ ኩባያ አየው።

ልጄ ከዚያ ወዲያ አልተነሳችም። ወንድሜን የሚያጽናናው አጣሁ፤ እኔን ማን እንዳጽናናኝ አላስታውስም።

እንግዶቹ የጠራውን ወንዝ ፎቶ አንስተው ሄደዋል። አሁን እያንዳንዱ ጂንስ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ያለበት ምልክት ይሰፋል። ገበያው ስለደራ ማሽኖቹ የሚያርፉበት ቀን የለም፤ ወንዙም በየቀኑ በረኪና እየተደፋበት ኩልል እንዳለ ይወርዳል። ጎረቤቶቼ ጀሪካናቸውን ይዘው ዳር ይቆሙና ውሃውን ትኩር ብለው ያያሉ። ሰማያዊው ናፈቀን! ሌላ ውሃ በአካባቢው ስለሌለ ግን ኋላ ላይ ጎንበስ ብለው ይቀዳሉ።

ትንሹ ልጄ ጠማኝ ሲለኝ እኔም ወርጄ እቀዳለሁ።