«ዳነ ወይ?»

አክስቴ ስልክ ስትደውል ከሰላምታ በፊት የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ወንድሜ ዳነ ወይ?»

እሷ የምትጠይቀው ስለ ነፍሱ ነው፤ እኔ የምመልሰው ስለ ሳንባው ነው። ትኩሳቱ በረድ ብሏል፣ ሳሉ ግን እንዳለ ነው እላታለሁ። ሆን ብለሽ ነው ብላ ትቆጣኛለች። አዎ፣ ሆን ብዬ ነው። አባቴ ሐኪም ቤት ተኝቶ እያየሁ ስለ ሰማይ ቤት የሚጠይቀኝ ሰው ቆሽቴን ያሳርረዋል።

ደግሞም መልሱን አላውቀውም ነበር። አባቴ ራሱም አያውቀውም። ዕድሜውን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን የኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ኖሯል፣ ጸሎት አጓድሎ አያውቅም፤ «ድነሃል ወይ?» ሲሉት ግን የሚመልሰው ስለ ሥራው ሲጠይቁት የሚመልሰውን ነበር፦ «ይሞከራል።» አባቴ በያጅ ነው፤ እኔንም በያጅ ያደረገኝ እሱ ነው። በር ሠርተን ስንጨርስ እኔ «አለቀ» ብዬ መነጽሬን ሳወልቅ፣ እሱ መዶሻውን ያነሳና እያንዳንዱን መጋጠሚያ ሦስት ሦስት ጊዜ ይመታል። አክስቴ «ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ» እያለች ትስቅበት ነበር።

መዶሻው ምክንያት አለው። እኔ ሳልወለድ አባቴ ለአንድ ሕንፃ የደረጃ መደገፊያ ሲሠራ ቸኮለና አንዱን መጋጠሚያ ሳይሞክር ለቀለም ቀቢው አስረከበ። ቀለም ቀቢው ተደገፈው፣ ብየዳው ለቀቀ፣ ሰውየው ከሁለተኛ ፎቅ ወደቀ። ቀኝ እግሩ ከዚያ ወዲያ አልተቃናም። ቆሞ መሥራት ስላልቻለ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ሥራ ፈልጎ ሰዓት ሠሪ ሆነ።

አባቴም የሰዓት ሠሪውን ቤት በብረት ሞላው። በየዓመቱ አንድ ነገር ሠርቶ ይወስድለታል። መጀመሪያ የግቢ በር፣ ቀጥሎ የመስኮት ፍርግርግ፣ ከዚያ የጫማ መደርደሪያ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የዶሮ ቤት። ሰውየው ዶሮ የለውም። የሰፈሩ ሰው ቤቱን «እስር ቤቱ» እያለ ነው አቅጣጫ የሚጠቁመው። ከብረቱ ግማሹን የበየድኩት እኔ ስለሆንኩ ነገሩ እጅ እጅ ካለኝ ቆይቷል። አንድ ቀን መቼ ነው የሚበቃህ ብዬ ጠየቅኩት። እግሩ ሲድን ነው አለኝ። መነጽሬን አጥልቄ ወደ ብየዳዬ ተመለስኩ።

ሐኪሟ ለብቻዬ ጠርታ ሳንባው ከእንግዲህ እንደማይመለስ፣ የቀረውም የቀናት ጉዳይ እንደሆነ ነገረችኝ። ወደ ክፍሉ ስገባ ፊቴን አይቶ ገባው። ብየዳ ቤት ውስጥ ለሰዓት ሠሪው አልጋ የጀመረው የእጅ መያዣ አለ፤ ሁለት መጋጠሚያ ነው የቀረው፤ ዛሬውኑ ጨርሼ እንዳደርስለት ለመነኝ።

«ፈርቻለሁ ልጄ» አለኝ። «ቢመቱኝ የምለቅ ይመስለኛል።»

አባቴ ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። እንዲህ እንደፈራ ሊሞት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ይህን መዶሻም ሆነ የብየዳ ኤሌክትሮድ አያስተካክለውም። ወደ ብየዳ ቤቱ መሄዱን ትቼ በቀጥታ ሰዓት ሠሪው ዘንድ ሄድኩ።

አንድ ዓይኑ ላይ ማጉያ አድርጎ የተፈታ ሰዓት ላይ አጎንብሷል። ሁሉንም ነገርኩት። ስለ አልጋው መያዣ ስደርስ ሳቅ አመለጠው፤ አባቴ ያለውን ስነግረው ግን ማጉያውን አወለቀ። ምርኩዙን አነሳ፣ ሱቁን ዘጋ፣ ተከተለኝ።

አልጋው አጠገብ ወንበር ስቤለት ተቀመጠ። አባቴ መያዣው ስላልደረሰ ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምር እጁን ያዘው።

«ስማኝ» አለው። «ይቅር ያልኩህ በወደቅኩ በሦስተኛው ቀን ነው፣ መጥተህ እግሬ ሥር ስታለቅስ። ያን ቀን አንዲት ብረት ይዘህ አልመጣህም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን ተቀበልከኝ?»

«እምቢ ብልህ እንቅልፍ አይወስድህም ብዬ ነዋ። አሁን ግን መስኮት አልቆብኛል።»

አባቴ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነበት። ሰዓት ሠሪው እስኪያርፍ ጀርባውን ደግፎ ጠበቀው።

«እኔ አንካሳው ይቅር ብዬህ አላመንክም» አለው ቀስ ብሎ። «ጌታ ይቅር ሲልህማ እንዴት ታምናለህ? የምትሞከረው አንተ አይደለህም። እሱ ነው የተመታው። ተመታ፣ አልለቀቀም።»

የአባቴ እንባ በጉንጩ ሳይሆን በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ይወርድ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ትቻቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ትራስ ተደግፎ፣ ፊቱ ጠርቶ አገኘሁት።

«ድኛለሁ» አለኝ።

ደስታ አሰከረኝ። እንኳን መልስ ልሰጠው፣ በሩን እንኳ ሳልዘጋ ሮጬ ሐኪሟን ይዣት መጣሁ። ደረቱን አዳመጠች፣ ሰሌዳውን አየች፣ ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚታይ ሁኔታ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። አባቴ ግን አይቷታል።

«እሱን ማለቴ አይደለም» አለኝ ፈገግ ብሎ።

ተናደድኩ፣ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። አክስቴ ላይ ሳሾፍ የከረምኩበት ቃል ዞሮ እኔኑ ያዘኝ። ሐኪሟ ከወጣች በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። የማውቀውን አባቴን ስለፈለግኩ ይሆናል፣ አይሞከርም ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

«ተሞክሯል» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ እኔ እግሩን እያሻሸሁለት፣ ሰዓት ሠሪው ስለ አንድ ግትር ሰዓት እያወራለት አረፈ። የአልጋው መያዣ ብየዳ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ሁለቱን መጋጠሚያዎች አልበየድኳቸውም፤ ማንም እንዲበይዳቸው አልፈቅድም።

ሌላ ሰው አስቀድሞ እንዳይነግራት ብዬ ለአክስቴ ልደውል ስል ራሷ ደወለች።

«ወንድሜ ዳነ ወይ?»

«አዎ አክስቴ» አልኳት። «ድኗል።»

ስለ ትኩሳቱም ስለ ሳሉም አንድ ቃል ስላልነገርኳት መሞቱም መዳኑም ገባት። ማልቀስ ጀመረች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ።