ማሸጊያው ሳይነካ

አባ ማኅተም እጃቸውን አጨብጭበው ሲከፍቱት መዳፋቸው ላይ የተጨፈለቀች ቢምቢና ምስር የምታህል ደም አገኙ። ደሙ የእሳቸው እንዳልሆነ ወዲያው ገባቸው፤ የሽማግሌ ቆዳ ቢምቢም ንቃዋለች። ክፍሉ ውስጥ ከእሳቸው ሌላ ያለችው ልጃቸው ብቻ ናት፤ እሷም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ቁርጭምጭሚቷን ታካለች።

"ስንተኛዋ ናት?" አለች።

"ሦስተኛ። ከየት እንደምትገባ ሳልደርስባት አልሞትም!"

ነገሩ የቀልድ አልነበረም። ልጃቸው አምና የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ወባ ጥሏት ፅንሱ ወርዶባታል። ዘንድሮ ሰባት ወሯን ይዛለች። ጤና ጣቢያው ለአባቷ ቤት ስለሚቀርብ እስክትወልድ እዚህ እንድትቀመጥ ተስማሙ፤ ቀለም ቀቢው ባሏ ደግሞ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ ሊያያት። የጣቢያው አዋላጅ "ዘንድሮ ወባ እንዳይነካት" ብላ ያስጠነቀቀችው አባትየውን ነበር። ከዚያ ወዲህ እህል እንኳ በወጉ አልተዋጠላቸውም።

ሠላሳ ዓመት የመጋዘን ኃላፊ የነበሩ ሰው ናቸው። ጡረታ የወጡት ከመጋዘኑ እንጂ ከጥርጣሬው አይደለም። "ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር" ሲባል ሌላው ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግን ገንፎውን ያማስላሉ። ስሙ የወጣላቸውም በር ዘግተው፣ ወረቀት ለጥፈው፣ ፈርመውና ማኅተም መትተው ካልሆነ እግራቸው ስለማይነሣ ነው። ልጃቸው በመጣች በሁለተኛው ቀን ጉንዳን አልጋዋ ላይ ወጥቶ ቢያስለቅሳት፣ የጉንዳኑን ነገር በመጋዘን ዘዴ በአንድ ጠዋት ጨርሰውታል። የቢምቢው ግን እምቢ አለ።

መጀመሪያ የጠረጠሩት ጎረቤታቸውን ልብስ አጣቢዋን ነው።

"በርሜሎችሽን ክደኚ!"

"ከከደንኳቸው ሰነበትኩ አባባ፤ ካላመኑ ይምጡና ይዩ።"

ሄደው አዩ። ክዳኑን እያንዳንዱን በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው ሞከሩት። እውነቷን ነው። ያም ሆኖ ሲመለሱ ሁለት ጊዜ ዞር ብለው አይተዋታል።

ቀጥሎ ልባቸው ወደ አማቻቸው ሄደ። መስኮቶቹ ወንፊት ሽቦ አላቸው፤ ቢሆንም ቀለም ቀቢው ሲጋራ ያጨሳል፣ የሚያጨስ ሰው ደግሞ ተደብቆ መስኮቱን ከነወንፊቱ መክፈቱ አይቀርም። ስለዚህ ሁለቱንም መስኮቶች ዘግተው በመገጣጠሚያው ላይ ወረቀት ለጠፉ፤ በወረቀቱ ላይ ፈረሙ፤ ቀን ጻፉበት።

ቀለም ቀቢው ሲመጣ ይህን አይቶ ሳቁ አመለጠው። "አባባ፣ ቢምቢ ፊርማ ታነባለች እንዴ?"

"እሷ ባታነብ የሚከፍትላት ያነባል።"

የአማቻቸው ሳቅ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

በማግስቱ ምሽት አራት ቢምቢ ገደሉ። ወረቀቶቹ ንክች አላሉም። እንግዲህ የቀረው በሩ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ደህና እደሪ ለማለት ሩብ ሰዓት የሚገተረው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

"ከነገ ጀምሮ እንዳትገባ" አሉት። "በመስኮት ተነጋገሩ።"

"አባዬ! ባሌ እኮ ነው!"

"የልጁ አባት ከሆነ ለልጁ ሲል ውጭ ይቁም።"

ቀለም ቀቢው ወጣ። በማግስቱ መጥቶ ከታሸገው መስኮት ውጭ ቆመ። ወሬያቸውን መስታወቱ እየዋጠባቸው "ምን አልሽ?" "ምን አልክ?" ሲባባሉ አመሹ። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። አባ ማኅተም ግን አልከፈቱም። ቢምቢዎቹ ደግሞ በረከቱ እንጂ አልቀነሱም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የልጃቸው ግንባር ነደደ። አዋላጇ እየሮጠች መጣች፤ የነፍሰ ጡሯን ጣት ወጋ አድርጋ ጠብታ ደም መመርመሪያው ላይ አኖረችና "ሩብ ሰዓት እንጠብቅ" አለች። በዚያች ሩብ ሰዓት አባ ማኅተም የጠረጠሩትን ሁሉ ዘረዘሩላት። እየሰማቻቸው ሳለ የያዘችው ጥጥ ወደቀባት። ልታነሣ ጎንበስ ብላ እስከ ወለሉ የወረደውን አንሶላ ገለጠችና እንዳጎነበሰች ቀረች። የስልኳን መብራት አበራች።

"አባባ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"የጉንዳን መከላከያ ነዋ!" አሉ ኮራ ብለው። አራቱ የአልጋ እግሮች በአራት የወተት ጣሳ ውስጥ ቆመዋል። "የስኳሩን መደርደሪያ እንዲህ ነበር የምንጠብቀው። እዚያ የተቃጠለ ዘይት ነበር የምንጨምርበት፤ እሷን ሽታው ስለሚያስመልሳት ውኃ አደረግሁላት።"

"ደፍተውት ያውቃሉ?"

"ለምን እደፋዋለሁ? ንጹሕ ውኃ ነው። ሲጎድል በየጠዋቱ እሞላዋለሁ፤ አንድ ቀን አላሳለፍኩም።"

"እስቲ ይምጡ።"

ተንበረከኩ። በመብራቱ ሥር ውኃው ይርመሰመሳል፤ ቁራጭ ክር የሚያካክሉ እጮች ይገለባበጣሉ። ከጣሳው አፍ ላይ አንዲት ቢምቢ ተነሥታ በጆሯቸው በኩል አለፈች።

"እዚሁ እግሯ ሥር ነው የሚፈለፈሉት" አለች አዋላጇ ቀስ ብላ።

አባ ማኅተም እንደተንበረከኩ መጋዘኑ ትዝ አላቸው። መጋዘን ሳሉ አንድ የማይሻር ደንብ ነበራቸው፦ ማሸጊያው ሳይነካ ዕቃ ከጎደለ ሌባው ባለቁልፉ ነው። በዚህ ደንብ ሁለት ሰው ከሥራ አስወጥተዋል።

"አባዬ፣ ለእኔ ብለህ ነው" አለች ልጃቸው።

"ባልሽንም ያባረርኩት ለአንቺ ብዬ ነው" አሉና እንባቸው መጣ።

አዋላጇ መመርመሪያውን አየች። "ወባ የለም። ትኩሳቱ ካልወረደ ግን ነገ ጠዋት ደግመን እናያለን።" አባ ማኅተም ይህንንም ማመን አቅቷቸው መመርመሪያውን ተቀብለው ገልብጠው አዩት።

ከዚያ ጣሳዎቹን አውጥተው ውኃውን ደረቅ መሬት ላይ ደፉ፤ ውስጣቸውን በአሸዋ ፈተጉ። ቀኑን ሙሉ በሩን ሲያዩ ዋሉ።

አመሻሹ ላይ ቀለም ቀቢው መጥቶ የተለመደው ቦታው፣ መስኮቱ ሥር ቆመ። አባ ማኅተም በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ወጡ።

"ግባ።"

"ቢምቢ ይገባል አባባ" አለ። የምሩን ይሁን በነገር ሊወጋቸው ፊቱ አያስታውቅም።

"ማሸጊያው አልተነካም" አሉ። "ባለቁልፉ እኔ ነኝ።"

ነገሩ አልገባውም፤ መጋዘን ሠርቶ አያውቅም። ሽማግሌው የቤቱን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ቀለም የደረቀበት መዳፉ ላይ አኖሩለት። ከዚያም ከበሩ ላይ ዘወር አሉለት።